ስሜን አሳልፎ ለመስጠት 50 ዩሮ

የማማርረው በቅጣቱ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ከሥር «ሕግ ማክበር ነበር» ብሎ ሊመክረኝ እጁን እያፍተለተለ የተቀመጠ ወገን እንዳለ አውቃለሁ። የዋሽንግተን ዲሲ ካሜራ ያላነሳው ሐበሻ ካለ ይንገረኝ። ከቨርጂኒያ ድልድዩን ተሻግሮ ሥራ የሚገባ ሰው ለፍጥነት መቶ ዶላሩን ይከፍላል፣ ይራገማል፣ በማግስቱ ቀስ ብሎ ይነዳል። በዚህ ተስማምተን ኖረናል። እኔን ያንገበገበኝ ጣሊያን ውስጥ መኪና ያከራየኝ ኩባንያ ስሜንና አድራሻዬን ለማዘጋጃ ቤት ፖሊስ ስለሰጠ ብቻ ከካርዴ 50 ዩሮ መውሰዱ ነው።

ልብ በሉ፤ 50 ዩሮው ቅጣቱ አይደለም። ቅጣቱ ገና ይመጣል። ይህ የጥቆማው ዋጋ ነው፤ የሚከፍለውም የተጠቆመው ሰው ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ሮማም፣ ፍሎረንስም፣ ፒሳም፣ ሌሎች ብዙ የጣሊያን ከተሞችም መሐል ባለው አሮጌ ሰፈራቸው ያለፈቃድ መኪና የማይገባበት ክልል አላቸው፤ በምህጻር «ዜድ ቲ ኤል» ይባላል። መግቢያው ላይ ሰንሰለት የለም፣ ዘበኛ የለም። በነጭ መደብ ላይ ቀይ ክብ፣ ከሥሩ ሰዓቱን የሚገልጽ ደቃቅ የጣሊያንኛ ጽሑፍ፣ ከበላዩ ካሜራ፤ ይኸው ነው። ከኋላ ሞተር ብስክሌት ጥሩምባውን ይነፋል፣ ከፊት አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ የድንጋይ መንገድ አለ፣ ስልኩ «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ይላል። እንግዳ ሰው በዚህ መሐል ቆሞ ጽሑፉን እንዲያነብና ወደኋላ እንዲመለስ ነው የሚጠበቀው።

መኪናውን ያስረከበኝ ወጣት ስለ ተጨማሪ ኢንሹራንስ የሰበከኝን ስብከት ቄስ አይሰብከውም። የፊት ቸርኬው ላይ ያለችውን የጥፍር ታህል ጭረት ጎንበስ ብለን አብረን ፎቶ አንስተናል። ነዳጁ ስንት መሥመር ላይ እንዳለ ተፈራርመናል። ስለ ክልሉ ግን አንዲት ቃል አልወጣውም። ሆቴሉ ክልሉ ውስጥ ከሆነ የእንግዳውን ታርጋ ለማዘጋጃ ቤቱ ማስመዝገብ የሚችልባቸው ከተሞች ብዙ ናቸው፤ «ሆቴልዎን ይጠይቁ» ለማለት አምስት ሰከንድ ይበቃል። ግን ለምን ይበል? የእኔ ጥፋት ለእነሱ ገቢ ነው። ዝምታው ራሱ ይከፈልበታል።

የመጀመሪያው 50 ዩሮ የሄደው ወደ ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ከባንኬ መልእክት መጣ፤ ባንኬም በበኩሉ የውጭ አገር ግብይት ብሎ የድርሻውን ቆንጥሯል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉታል ይህን። ደወልኩ። ከብዙ ሙዚቃ በኋላ አንዲት ትሁት ሴት አነሳች።

«ጌታዬ፣ ይህ የአስተዳደር ወጪ ነው።»

«ምን ያስተዳደራችሁት ነገር አለ?»

«መረጃዎን መፈለግ፣ ማዘጋጀት፣ መላክ።»

መረጃዬን መፈለግ! ስሜን፣ አድራሻዬን፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥሬን በራሴ ጣት ድረ ገጻቸው ላይ የሞላሁት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጧል። የታርጋ ቁጥርና ቀን ሲሰጡት በራሱ ይተፋዋል። ቅጣቱስ ስንት ነው ብላት «እሱን እኛ አናውቅም፣ ፖሊስ ይጽፍልዎታል» አለችኝ። ተከራክሬ ባሸንፍስ፣ 50 ዩሮዬ ይመለሳል? አይመለስም፤ ውሉ ላይ ተጽፏል።

የፖሊሱ ደብዳቤ የመጣው ከወራት በኋላ፣ ጉዞውን ራሱ ከረሳሁት ወዲያ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ግን ሕጋዊ ነው፤ የጣሊያን ሕግ አገር ውስጥ ለሚኖር ሰው የቅጣት ማስታወቂያ በ90 ቀን ውስጥ እንዲላክ ያዝዛል፤ ውጭ አገር ለሚኖር ግን እስከ 360 ቀን ይፈቅዳል። እነሱ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይንፏቀቃሉ። እኔ ግን ደብዳቤው እጄ ከገባ በኋላ የ30 በመቶ ቅናሹን ለማግኘት ያለኝ 5 ቀን ነው። ዝቅተኛው ቅጣት 83 ዩሮ ነው፤ በአምስቱ ቀን ከተከፈለ 58 ዩሮ ከ10 ሳንቲም ይሆናል፣ የመላኪያው ወጪ ለብቻው። አሁን አስሉት። ለጥፋቱ 58፣ ስሜን ለመናገር 50!

አንድ ወዳጄ «ተወው፣ አሜሪካ ድረስ አይመጡም» አለኝ። ከ60 ቀን በኋላ 83ቱ 166 እንደሚሆን ስነግረው ዝም አለ። ሌላው ደግሞ «ይግባኝ በል» አለኝ። አየሁት እሱንም። ዳኛ ዘንድ ለመሄድ የመዝገብ መክፈቻው ብቻ 43 ዩሮ ነው። ለአውራጃው አስተዳዳሪ ማመልከት በነጻ ነው፤ ነገር ግን አቤቱታው ውድቅ ከተደረገ ቢያንስ የዝቅተኛውን ቅጣት እጥፍ ይጥሉበታል። ሁሉም በጣሊያንኛ። ከአርሊንግተን ሆኖ ይህንን የሚሞክር ሰው ወይ ጠበቃ ነው ወይ ሥራ የለውም።

ከደብዳቤው ጋር በተላከው ቁጥር ፎቶውን ከፍቼ አየሁት። ጥቁርና ነጭ፤ የመኪናዋ ጀርባ፣ ታርጋው፣ ሰዓቱ እስከ ሰከንዱ። ከኋላ መስታወቱ ውስጥ ባለቤቴ የገዛችው ባርኔጣ ይታያል። ማስረጃው አያከራክርም፤ ከፈልኩ፣ በአምስቱ ቀን ውስጥ።

አዲስ አበባ ብንሆን ትራፊክ ፖሊሱ ያስቆማል፣ መንጃ ፈቃድ ይቀበላል፣ «ጌታዬ፣ ለዛሬ ይለፉኝ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ላወጣ ነው» ይባላል። እሺ ይላል ወይም አይልም፤ ብዙ ጊዜ አይልም። ግን ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚለመን ሰው አለ፤ ደግሞ መኪናውን ያዋሰኝ ዘመዴ «ስምህን ለፖሊስ ስለነገርኩ ክፈለኝ» ቢለኝ ሽማግሌ ይሰበሰብበት ነበር።

በዚህ ክረምት ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ውሉ ላይ ስለ ቅጣት አያያዝ የሚለውን አንቀጽ ፈልጉና መጠኑን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። መኪናዋን ከአሮጌው ከተማ ውጭ አቁሙና በእግር ወይም በአውቶቡስ ግቡ። ካርዳችሁን ዘግታችሁ ለማምለጥ የምታስቡም አላችሁ፤ ኩባንያው ዕዳ ብሎ ለአስከፋይ ድርጅት ይሰጠዋል፣ እሱም የራሱን ወጪ ይጨምርበታል።

እኔ አሁን የፖስታ ሳጥኔን እየጠበቅኩ ነው። በማግስቱ ያደርንባት ሁለተኛዋ ከተማ ደብዳቤ እስካሁን አልደረሰኝም፤ 360 ቀኑም ገና አላለቀም። ኩባንያው ግን ስለ እሷም ስሜን ሰጥቶ ሁለተኛውን 50 ዩሮ ከወሰደ ቆይቷል።