ፍል ውሃ የጽናት መፈተኛ አይደለም

ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ወርዶ ፍል ውሃ የሚገባ ብዙ ሰው ላቡ እስኪንቆረቆር ካልቆየ የታከመ አይመስለውም። ጎረቤቱ ግማሽ ሰዓት ከተቀመጠ እሱ አንድ ሰዓት። ልማዱ ሐርቡም ላይ አይበጅም፤ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ፍል ውሃ ይዘውት ሲሄዱ ግን ይብሳል።

ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የአዋሹ ፍል ውሃ ከ1,000 ሜትር በታች፣ ቆላ ውስጥ ነው። በዘንባባው መሃል ያለው ውሃ እስከ 45 ዲግሪ እንደሚሞቅ ይነገራል። መንገዱ ከአስፋልት ወጥቶ ኮረኮንች ነውና ራሱን የሳተ ሰው ሐኪም ዘንድ ቶሎ አይደርስም።

ሙቀቱን በመዳፍ መለካት ያታልላል፤ ቆዳው ወፍራም ነው። ክርን ይሻላል፣ ቴርሞሜትር ደግሞ ከሁሉም። የትኩሳት መለኪያው ግን 42 ላይ ስለሚያበቃ አይሆንም፤ የወጥ ቤት ወይም የውሃ መለኪያ ያዙ። ከ40 በታች ከሆነ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። 49 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ያቃጥላል፤ ለ60 ዲግሪ 5 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል።

ሲገቡ እግር፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ። ይበልጥ የሚያሠጋው መውጫው ነው። ሙቀት የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ግፊት ይወርዳል፤ ብድግ ያለ ሰው ዞሮበት ድንጋይ ላይ ይወድቃል። ጠርዙ ላይ ትንሽ መቀመጥ፣ ውሃ መጠጣት፣ ከዚያ መነሳት ነው። አረቄ ቀምሶ መግባት የሚያስከትለውን ለማንም መንገር አያሻም። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ያለበትና የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይገባ ይመረጣል። ጭንቅላትን ውሃ ውስጥ መድፈቅም ይቅር፦ ሞቃት ውሃ ውስጥ የምትኖር፣ በአፍንጫ ገብታ አንጎልን የምታጠቃ አሜባ አለች። የሚያጋጥመው ጥቂት ሰው ነው፤ የሚተርፈው ግን ከጥቂትም ያነሰ።

ፓርኩም ሥራ አለበት። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የፈንታሌና የዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ በተደጋጋሚ ተንቀጥቅጧል፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዶፈን አጠገብ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎት ወጥቷል። ርዕደ መሬት የፍል ውሃን መንገድና ሙቀት ሊለውጥ ስለሚችል በየመጽሔቱ የሚደጋገመው የድሮ ቁጥር ዋስትና አይሆንም። በየሳምንቱ ተለክቶ ከነቀኑ የሚጻፍበት ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ያውም ትኬት ከሚቆረጥበት በር ላይ ሳይሆን ከየኩሬው ጠርዝ፣ በአማርኛ፣ በአፋርኛና በኦሮምኛ።