«ሚረርለስ ግዛ» ማለት ቀላል ነው
ሰው ሁሉ አፉን ሞልቶ «ዲኤስኤልአር አብቅቶለታል፣ ሚረርለስ ግዛ» ይላል። ውስጡ መስታወት ያለውን የድሮውን ካሜራ ጥለህ መስታወት አልባውን አዲሱን ያዝ ማለታቸው ነው። በማን ገንዘብ? የምኖረው ሠርግ እያነሳሁ ነው። ቦዲ (የካሜራውን አካል) ስቀይር ሌንሱም አብሮ ይከተላል፤ ዶላሩ ደግሞ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ።

ባትሪውን እንኳ እንይ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲኤስኤልአሩ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 በአንድ ቻርጅ 900 ያህል ፎቶ ያነሳል ተብሎ ተለክቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣው የካኖን ሚረርለስ ኢኦኤስ አር ግን 370፤ ያውም ባትሪያቸው አንድ ዓይነት ሆኖ! ሙሽራዋ ስትኳኳል ጀምሮ እስከ ማታ ኬክ ቆረሳ ለሚቆም ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ማታውን መብራት ከጠፋ ያን ሁሉ ባትሪ በምን ልሙላው?

ሚረርለሱ ጥሩ አይደለም አልልም። ዓይን ለይቶ የሚይዘው ፎከስ ያስቀናል። በተክሊል ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሳይሉ ማንሳትም ትልቅ ነገር ነው። ግን ያንን ድምፅ አልባ ሹተር (የካሜራውን የብርሃን መክፈቻና መዝጊያ) ኤልኢዲ መብራት ሥር ሞክሩትማ! የሙሽራው ነጭ ካባ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይጋደማል። ይሄን የሚነግር ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከሁሉ የሚያበግነኝ «አዳፕተር (የሌንስና የቦዲ ማገናኛ) ካለ የድሮው ሌንስ ይሠራል» የሚሉት ነገር ነው። የቱ ሌንስ? የኒኮን ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች የፎከስ ሞተር የላቸውም፣ የሚያዞራቸው ቦዲው ነበር። በኒኮኑ ኤፍቲዜድ አዳፕተር ሚረርለስ ላይ ሲገጠሙ አውቶፎከሳቸው (በራሱ የሚሠራው ፎከስ) አይሠራም። እየሮጠ የሚገባን ሚዜ በእጅ ፎከስ ያዙት እስቲ!

ዲኤስኤልአሩን ልግዛ ብልስ? ካኖንም ኒኮንም ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ አዙረዋል። ነገ ሹተሩ ሲበላ መለዋወጫውን ማን ያመጣልኛል?