ካሜራው አለፈ፣ ውሃው ቆመ

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳክራሜንቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከተራራው ግርጌ ሰደድ እሳት ተነሳ። ጋሼ እዚያ አካባቢ ፍየል ያረባሉ። 25 እናት ፍየሎችና ሁለት አውራዎች አሏቸው። እኛ በዚህ አካባቢ ያለን ሐበሾች ለእንቁጣጣሽና ለገና የምናርደው ብዙውን ጊዜ ከእሳቸው በረት የመጣ ነው።

እሳቱ ሲነሳ ጋሼ ከተማ ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ። «አካባቢውን ለቃችሁ ውጡ» የሚለው መልእክት ስልካቸው ላይ ሲደርስ ደወሉልኝ። በርሜል ሙሉ ውሃ ፒክአፑ ላይ ጫንን። ተጎታቹን አሰርንና በረርን።

በረቱ ጋ ለመድረስ ስድስት ማይል ሲቀረን መንገዱ ተዘግቷል። ሁለት የፖሊስ መኪኖች አግድም ቆመዋል። አንድ ወጣት ፖሊስ መጣና በትሕትና «ማለፍ አይቻልም» አለን። ፍየሎች እንዳሉን፣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንዳላገኙ ነገርነው። «የአርቢ ካርድ አላችሁ?» አለ። የለንም። «እንግዲያው አዝናለሁ።»

እሱን እየለመንን ሳለ የቴሌቪዥን ጣቢያ መኪና መጣ። ጣሪያው ላይ ሳህን የተተከለበት ትልቅ መኪና ነው። መታወቂያ አሳዩ። ፖሊሱ መኪናውን ወደ ኋላ አደረገና አሳለፋቸው።

ጋሼ ምንም አላሉም። በርሜሉን ብቻ ዞር ብለው አዩት።

እኔ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ኋላ ቤቴ ስመለስ ነገሩን ሳጠና አደርኩ። የካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ ቁጥር 409.5 የሚባል አንቀጽ አለ። አደጋ ሲደርስ ፖሊስ አካባቢውን እንዲዘጋ ሥልጣን ይሰጣል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን ጋዜጠኛ እንዳይከለከል ተጽፏል። ያ ወጣት ፖሊስ የሠራው ሕጉ ያዘዘውን ነው። ጋዜጠኛው ይግባ፣ ሕዝብ ማወቅ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ግን የሚቃጠለውን በረት ሊቀርጽ የሚሄደው ሲያልፍ፣ ለበረቱ ውሃ የያዘው ሰው ሲቆም ማየት ያማል።

ስለ ካርዱም አነበብኩ፤ እሱ ደግሞ የሚደነቅ ነገር ሆኖ አገኘሁት። እዚህ አገር አርቢዎች ለዓመታት በየመንገዱ ሲለምኑ ኖረዋል። በፈረንጆቹ 2018 ፓራዳይዝ የምትባለውን ከተማ ያወደመውና 85 ሰው የገደለው እሳት አለ። በ2020 ደግሞ ኖርዝ ኮምፕሌክስ የተባለው እሳት ተራራ ላይ ለበጋ ግጦሽ የወጡ ከብቶችን ፈጀ። ቤተሰባቸው ከመቶ ዓመት በላይ እዚያ ተራራ ላይ ያረባ ሰዎች፣ የተረፈውን ላም ለመፈለግ ፈቃድ ሲጠይቁ ከረሙ። ጩኸታቸው ተሰማና በ2021 ክልሉ ሕግ አወጣ። ካውንቲዎች (የክልሉ ወረዳዎች በሏቸው) ለከብት አርቢ የማለፊያ ካርድ የሚሰጡበትን አሠራር ወጥ አደረገ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እሳት ሳይነሳ ገና አርቢው ይመዘገባል። ግማሽ ቀን ያህል ይሰለጥናል። እሳት እንዴት እንደሚሄድ፣ ነፋስ ሲዞር የት መሸሽ እንዳለበት፣ በእሳት ማጥፋቱ ሥራ ማን ማንን እንደሚያዝ፣ ምን መልበስ እንዳለበት ይማራል። ካርዱ ሲደርሰው ለመመገብ፣ ለማጠጣትና ከብት ለማውጣት ብቻ ይገባል። የቤት ዕቃ ለማውጣት አይሆንም። የእሳቱ አዛዥ «ዛሬ አይቻልም» ካለ ካርድ ያለውም ይቆማል። የሚታለብ ላም ያለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጡት የሞላ ላም ትእዛዝ እስኪነሳ አትጠብቅም።

እንግዲህ ጋሼ ለምን ካርድ የላቸውም? በዚህ በኛ አካባቢ ካርዱ ለንግድ የሚያረባ ሰው ነው። ለንግድ ማለት 50 ከብት፣ ወይም 100 ዶሮ ወይም ጥንቸል፣ ወይም 50 የንብ ቀፎ ማለት ነው። በሆድ ያለውም ይቆጠራል። አስቡት፣ 25ቱ እናቶች አርግዘው ቢሆን ኖሮ ጋሼ 52 ከብት አላቸው ማለት ነው። ፍየሎቻቸው ግን የሚጠቁት በጥቅምት ነው። እሳቱ የመጣው በነሐሴ ነው። ያቺ የሁለት ወር ልዩነት በርሜሉን መንገድ ላይ አቆመችው።

አገር ቤት ቢሆን ማን ያቆመን ነበር? ቤት ሲቃጠል መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸት «በረቱን ክፈቱ!» ነው። ጎረቤቱ በሙሉ ባልዲና ቅጠል ይዞ ይደርሳል። ይህን ለፖሊሱ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ግን ጎፋ ትዝ አለኝ። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ። መሬቱ ተንሸራቶ ሰው ቀበረ። የተቀበረውን ሊያወጡ የሮጡት ላይ ደግሞ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ከ200 ሰው በላይ አለቀ። ከሞቱት ብዙዎቹ ለመርዳት የሮጡ ናቸው። ስለዚህ ኬላው ለምን እንደቆመ ይገባኛል። የሚያናድደኝ ኬላው ላይ የሚያልፈው ሰው ምርጫ ነው።

በታኅሣሥና በጥር 2017 አፋር ውስጥ፣ አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ላይ ምድር ሲንቀጠቀጥ ሰንብቶ፣ ዶፈን ተራራ አጠገብ እንፋሎት ሲፈነዳ፣ ሰዎች በአስር ሺዎች ተነሱ። ሰው መዳኑ ትልቅ ነገር ነው። እኔ እዚህ ሆኜ ዜናውን ስከታተል ግን የሰማሁት የሰው ቁጥር ብቻ ነበር። ግመሉስ? ፍየሉስ? አፋርን ከግመሉ ለይቶ ማዳን አዳነ ይባላል? ተመልሶ የሚያጠጣው ሰው ማነው፣ በየት መንገድ፣ በማን ፈቃድ የሚል ነገር ጆሮዬን ጥዬ ጠብቄ አልሰማሁም።

እዚያው አጠገብ ደግሞ አዋሽ ፓርክ አለ። ከ1958 ጀምሮ የተከለለ ነው። ከረዩና አፋር ቀድሞ የሚያግጡበት ሣር ነበር። ድርቅ ሲመጣ አርቢው ከብቱን ነድቶ ይገባል፣ ከጠባቂ ጋር ይጋጫል። በየድርቁ ይኸው ነው። ድርቅ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ማን፣ መቼ፣ ስንት ከብት ይዞ ይግባ የሚለውን ዝናብ ሳለ ቁጭ ብሎ መስማማት ምን ይከብዳል?

ያን ሌሊት ከኬላው ወዲህ፣ ነዳጅ ማደያ አጠገብ መኪና ውስጥ አደርን። «ጋሼ፣ እንመለስ» አልኳቸው። «አንተ ልጅ፣ እነሱ የት ይመለሱ?» አሉኝ። ከዚያ ስለ ጓሳ፣ ስለ መንዙ የጋራ ሣር፣ ማውራት ጀመሩ። ሁለታችንም የመንዝ ልጆች ነን።

የጓሳን ሣር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የአስቦና የጌራ ዘሮች ሣሩን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ጠብቀውታል። ለዓመታት ይዘጋል። የሣሩ ጠባቂ አለቃ፣ አባ ቀራው፣ «ተከፈተ» እስኪል ማንም ከብቱን አያስገባም፣ ማንም አያጭድም። ድርቅ ሲከፋ ይከፈታል፣ ክረምት ሲገባ ይዘጋል። የተዘጋው ለክፉ ቀን እንዲከፈት ነው። ጋሼ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር በግ ነድተው ገብተዋል። «ስንት በግ አለህ ብሎ የጠየቀን አልነበረም» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር መብቱ የዘር ነበር፤ ከውጭ የመጣ ጭሰኛ እንደነሱ አይታይም ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩም የማንም ሆነና ተጎዳ። ቢሆንም እኛ ጋ አንድ ሰው ነበር። አርቢ የሆነ፣ አርቢው የሚያውቀው፣ ቀኑን የሚቆርጥ። እዚህ በፈረንጆቹ 2021 የተጻፈውን ነገር አያቶቻችን ያለ ካርድ ይሠሩበት ነበር።

ጠዋት የጋሼ ጎረቤት፣ 80 ላም ያላቸው ፈረንጅ፣ ካርዳቸውን አሳይተው አለፉ። በርሜላችንን ወደ እሳቸው መኪና አሻግረን ነበር። ከሦስት ሰዓት በኋላ ጥቁር ሆነው ተመለሱ። አጥሩን ቆርጠው ፍየሎቹን ቀድሞ ወደተቃጠለ ሜዳ አውጥተዋቸዋል። ሁለቱ በጭስ ሞተዋል። ሃያ አምስቱ ጠጥተዋል። ጋሼ የሰውየውን እጅ ይዘው አለቀሱ።

የሚቀጥለው ስልጠና በፀደይ ነው። ጋሼ 50 ፍየል ለማድረስ መሬቱ አይበቃቸውም። ስለዚህ በጓሮው የዶሮ ቤት ሠሩ። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ጣሪያውን አብሬ መታሁ። ጫጩቶቹን በየሳምንቱ ይቆጥራሉ። እስካሁን 64 ደርሰዋል።