ቅንጦቱ ቄራ ጓሮ ወድቋል

ባለፈው ሰሞን ድሬዳዋ ላይ በተካሄደ የምርምር ስብሰባ አንድ ኃላፊ የስካፎልድ፣ ማለትም በተጎዳ ገላ ላይ አዲስ ሥጋ የሚያድግበት መደገፊያ፣ ጥናት የጠየቀውን በጀት «ለእኛ ቅንጦት ነው» ብለው ዘጉት። ስካፎልድ የሚያስፈልገው ለሕንፃ ነው ብለውም ቀለዱ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቀልዱን እንኳ ልቀበላቸው። እዚያው ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ፎቅ ሲሠራ ግንበኛው የሚቆምበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ሥራው ሲያልቅ ይፈርሳል። በጥልቀት የተቃጠለ ገላም እንዲሁ መወጣጫ ይፈልጋል፤ ሕዋሳቱ የሚይዙት ነገር ካጡ ቁስሉ ዳር ዳሩን ስቦ ይኮማተራል። ይህን መወጣጫ ግን ማንም አያፈርሰውም፤ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ አሟሙቶ በራሱ ሥጋ ይተካዋል።

የጎረቤቴ ልጅ በሦስት ዓመቷ ማንደጃ ላይ የተጣደ ጀበና ተደፋባት። ቁስሉ ዳነ፤ አገጯ ግን ወደ ደረቷ ተስቦ ቀረ። ዛሬ ከኋላዋ ሲጠሯት አንገቷ አይዞርላትም፤ በወገቧ ነው የምትዞረው። እስቲ ቅንጦቱን ያሳዩኝ!

ከሁሉ ያበሸቀኝ ግን «ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነው» ያሉት ነው። የቱ ጥሬ ዕቃ? ያናስ እና በርክ የተባሉት የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ ያደረጉት ሰው ሠራሽ ቆዳ ከከብት የወጣ ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ከሻርክ ከተገኘ ንጥረ ነገር ጋር ተዋሕዶ፣ ላዩ በስስ ሲሊኮን የተሸፈነ ነው። ከዚያ ሥራ የተወለደውና እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኢንተግራ የተባለው ሰው ሠራሽ ቆዳ ኮላጅኑን የሚያገኘው ከከብት ጅማት ነው። አዎ፣ ከጅማት! ድብልቁ በረዶ ይደረግና በቫኪዩም ይደርቃል፤ በረዶው የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ሕዋስና የደም ሥር በዚያ ይገባሉ። ብራዚሎች እኮ የቆሮሶ ዓሣ ቆዳ አምክነው ቃጠሎ ላይ ይለጥፋሉ። የከብት አጥንትም ፕሮቲኑ ወጥቶ ማዕድኑ ሲቀር ለጥርስ ሐኪሞች የመንጋጋ መሙያ ይሆናል። ሐረር ላይ አጥንቱን ለጅብ እንወረውረዋለን፤ ጅቡ ቢያንስ ዋጋውን ያውቃል።

ከቄራ ተነሥቶ በቀጥታ ቁስል ላይ እንደማይደረግ አላጣሁትም። መጣራት፣ መምከን፣ መፈተሽ አለበት። በጀቱ የተጠየቀው ታዲያ ለምን መሰላቸው?

ስብሰባው ሲበተን ምሳ ጥብስ ቀረበልን። ኃላፊው ከፊት ለፊቴ ነበሩ፤ ጅማት ጅማቱን እየለዩ ሳህናቸው ጠርዝ ላይ ይደረድሩ ነበር።