ማስተካከያ፦ ስለ ዴክሳሜታዞንና ስለ ሪከቨሪ ሙከራ

በደሴና በኮምቦልቻ ሲሰራጭ በቆየ ጽሑፍ ላይ ዴክሳሜታዞን የተባለው ብግነትን (የሰውነት መቆጣትን) የሚያበርድ መድኃኒት ማንኛውንም የኮቪድ ታማሚ እንደሚያድን፣ በብሪታንያ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለው የኮቪድ ሕክምናዎች ሙከራም ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት በመሃል ስላቋረጠ ውጤቱ እንደማይታመን ተገልጿል፤ ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት፣ መድኃኒቱ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ታማሚዎችን ሞት በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ የሚሰጣቸውን ደግሞ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሷል። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልተገኘበትም። ስለዚህ በሐይቅም ሆነ በወልድያ ቤቱ የተኛ ታማሚ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ እንዲወስደው የሚመክረው የጽሑፉ ክፍል ከሁሉ ይልቅ አሳሳቢ ነውና ማንም ሊከተለው አይገባም።

የሃይድሮክሲክሎሮኪንን መቋረጥ በተመለከተ፣ እንዲህ ያለው ሙከራ ከመነሻው የሚነደፈው በሂደት እንዲስተካከል ተደርጎ ነው፤ ሆስፒታል የተኙ ታማሚዎች በዕጣ ለተለያዩ ሕክምናዎች ይመደባሉ፣ ገለልተኛ ኮሚቴ መረጃውን በየጊዜው ይመረምራል፣ ጥቅም ያላሳየው ሕክምና ወጥቶ ሌላ ይገባል፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ የሚያገኘው ቡድንም ማነጻጸሪያ ይሆናል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የወጣው ሞትን ባለመቀነሱ ነው፤ ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተጨመረው ቶሲሊዙማብ የተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት መድኃኒት ግን በደማቸው ኦክስጅን ያነሰባቸውንና ከፍተኛ ብግነት የታየባቸውን ታማሚዎች ሞት እንደሚቀንስ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ተረጋግጧል።