ካርዷ በስተቀኝ ናት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው የመጣሁት። አልተቆጣሁም ብዬ አልዋሽም፤ ተቆጥቻለሁ።

በቅርቡ አንድ ጋለሪ ውስጥ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ መክፈቻ ላይ ነበርኩ። ግድግዳው ላይ የአንዲት አሮጊት ፊት ተሰቅሏል፤ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ብርሃኑ ከጎን ስለገባ ከግንባሯ መስመሮች አንዱ ጥላ ቋጥሮ እስከ ጆሮዋ ሥር ይወርዳል። አንድ ወጣት መጣ። እርምጃውን እንኳ ሳይገታ ስልኩን አንሥቶ ጠቅ አደረገና አለፈ። ትንሽ ቆይቶ ያነሣውን ለጓደኛው ሲያሳይ ከኋላው ሆኜ አየሁት። የጣሪያው መብራትና የልጁ የራሱ ጥላ መስታወቱ ላይ አርፈው የአሮጊቷን አንድ ዓይን ውጠውታል። እሱ ግን "አሪፍ ናት!" አለና እዚያው ቆሞ ለዓለም ለቀቃት። የማን ሥራ እንደሆነች አልጻፈም። የአንሺው ስም ያለው ከፎቶው በስተቀኝ፣ ከመዳፍ በማትበልጥ ነጭ ካርድ ላይ ነው። ያን ምሽት ጎንበስ ብሎ ያቺን ካርድ የሚያነብ ሰው ለማየት ብዙ ጠበቅኩ።

ይህን ልጅ ነጥዬ አልወቅስም፤ ሁላችንም እንዲሁ ነን። ሥዕል ፊት ስንቆም ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ የሠዓሊውን ስም እንጠይቃለን። ፎቶግራፍ ፊት ስንደርስ ግን "ይሄንማ እኔም በስልኬ አነሣዋለሁ" እንላለን። ታዲያ ለምን አላነሣችሁትም? እዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት፣ ያቺ ሴት እስክታምነው ድረስ ደጇ ላይ የተቀመጠው አንሺው እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ሥራውን ሲያሳትም አጠገቡ ቆሜ አውቃለሁ። ያንኑ ምስል በጠባብ ቁራጭ እያደረገ ደጋግሞ ያወጣዋል። አንዱን በጥጥ ወረቀት፣ አንዱን በሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ አንዱን ጥላው ትንሽ ፈካ ብሎ። ከዚያ ቁራጮቹን ደርድሮ ጋለሪው በሚጠቀምበት ዓይነት አምፖል ሥር ያያቸዋል፤ ቢጫ የሚያደላ መብራት ጥቁሩን ቡናማ ያስመስለዋልና። ግማሽ ቀን ሙሉ አንድ ጥላ ሲያባብል ዋለ። እኛ በአንድ ጠቅታ የምናልፈው ይህን ነው።

መጠኑም ቢሆን የሥራው አካል ነው። ጀርመናዊው አንድሬያስ ጉርስኪ እ.ኤ.አ. በ1999 የሠራው የራይን ወንዝ ፎቶግራፍ ስፋቱ ከ3 ሜትር በላይ ነው። ከወንዙ ማዶ የነበሩትን ሕንፃዎች በኮምፒውተር አጥፍቶ ሣሩን፣ ውሃውንና ሰማዩን ብቻ አስቀራቸው። በ2011 ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ ብዙ ሰው ሳቀበት። የሳቁት አብዛኞቹ ያዩት በጣት ስፋት ነው፤ በጣት ስፋት ደግሞ አረንጓዴና ግራጫ መስመር ከመሆን አያልፍም። ዋጋው ይገባዋል አይገባውም ሌላ ክርክር ነው። ሳያዩ መፍረድ ግን ነውር ነው።

ስምን መጣል ምን እንደሚያስከትል ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ማሊያዊው ሴይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ባማኮ ውስጥ ስቱዲዮ ከፍቶ የከተማውን ሰው ሲያነሣ የኖረ ባለሙያ ነው። የመጀመሪያው መጋረጃው የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። ፊልም ውድ ስለሆነ ለአንድ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ ነበር የሚያነሣው፤ ስለዚህ እጅ የት እንደሚያርፍ፣ አንገት ምን ያህል እንደሚዞር አስቀድሞ ይጨርሳል። በ1991 እነዚህ ፎቶግራፎች ኒው ዮርክ ውስጥ ለእይታ ሲቀርቡ አንሺው ያልታወቀ ተብሎ ተጻፈባቸው። ሰውየው ግን ያኔ በሕይወት ነበር! በስሙ ብቻውን ፓሪስ ላይ የቀረበው በ1994 ነው፤ ያኔ ከ70 ዓመት አልፎታል። በ1991ስ ቢያንስ ስሙ ከምስሎቹ ጋር ስላልነበረ ነው ይባል። ዛሬ እኛ በስንዝር ርቀት ተጽፎልን እያለ ነው የምንጥለው። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ገጻችሁን ያስዋባችሁበት ምስል ባለቤት አለው።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በሩ ላይ ትመለሳላችሁ። "ገዢ አይደለሁም፣ ምን ላደርግ እገባለሁ?" ትላላችሁ። ግቡ። ሥራ የሚሸጡ ጋለሪዎች በአብዛኛው መግቢያ አያስከፍሉም። ዋጋ መጠየቅም አያሳፍርም፤ ጠይቆ አለመግዛትም እንዲሁ። ጋለሪው የሚኖረው ከሽያጭ ነው፤ ብዙ ቦታም ከሽያጩ ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። ለአንሺው ከሚተርፈው ላይ የኅትመቱ፣ አንዳንዴም የክፈፉ ወጪ ይነሣል። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ከእናንተ የሚጠበቀው አምስት ደቂቃ መቆም ብቻ ነው።

መግዛት እየቻላችሁ "ፋይሉን ላክልኝ፣ እኔው አሳትመዋለሁ" የምትሉትን ግን ምን ልበላችሁ? በጓደኝነት ስም ነው የምትጠይቁት። በኅትመቱ ግርጌ ወይም ጀርባ በእርሳስ 3/7 ተብሎ ስታዩ ያ ቁጥር ቃል ኪዳን ነው፤ በዚህ መጠን ከሰባት በላይ አላሳትምም፣ ይህም ሦስተኛው ነው ማለት ነው። ፋይሉን ሲሰጣችሁ ሌሎቹን ገዢዎች ከዳ ማለት ነው። እናንተ ስምንተኛውን ሳሎናችሁ ሰቅላችሁ እሱን ቃል አባይ ታደርጉታላችሁ። ተዉት። ስንት ቅጂ አለው፣ በምን ወረቀት ነው፣ ፊርማው የት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ነው የሚያከብረው።

የጋለሪ ሰዎችም ብትሆኑ ስሙን ጉልበት ላይ፣ በጉንዳን ፊደል አትለጥፉት። ዓይን የሚያርፍበት ቦታ አድርጉት።

የአሮጊቷ ፎቶግራፍ ገና አልወረደም። ያ ወጣት ይህን ካነበበ ተመልሶ ይሂድ፤ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ያድርግና ነጸብራቁ ከዓይኗ ላይ እስኪነሣለት ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ይጠጋ። አይቶ ሲጨርስ ጎንበስ ይበል። ካርዷ በስተቀኝ ናት።