የጃፓንን ቀጫጭን ድምፆች በኖታ አትለኩ

የጃፓን ሙዚቃ የሚከታተሉ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ከማይሰለቿቸው ነገሮች አንዱ የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ከፍተኛ ድምፅ የሚጠይቁ ዘፈኖች ይደረደራሉ፤ ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን ድምፃዊው የነካው የመጨረሻ ኖታ ይጻፋል፤ ከዚያ ማን ማንን በለጠ የሚለው ክርክር ይቀጥላል። ካራኦኬ ቤት ገብቶ ለመዝፈን ላሰበ ሰው ይህ ጠቃሚ መረጃ ነው። ስለ ዘፈኑ ለመፍረድ ግን እምብዛም አይረዳም። በእነዚህ ሰንጠረዦች አናት ላይ ከሚቀመጡት ዘፈኖች ብዙዎቹ የአንድ ሰው ብቻ ሥራ አይደሉም። ከቀጭኑ ድምፅ አጠገብ ወይም ከጀርባው ሌላ ሰው አለ፤ እሱን ሰርዞ ኖታውን ብቻ መቁጠር ዘፈኑን ግማሽ ማድረግ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የቀለለው ማስረጃ «ዳይቶካይ» ነው። ትርጉሙ «ትልቁ ከተማ» ሲሆን፣ ከኪዩሹ ደሴት የተነሣው ክሪስታል ኪንግ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ዘፈን ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት በያማሃ የዓለም አቀፍ ዘፈን ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ወሰደ፤ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይም ተሸጠ። ዘፈኑ የሚከፈተው በማሳዩኪ ታናካ ድምፅ ነው፤ ያለምንም ዝግጅት ከጣሪያው ላይ ይጀምራል። ጃፓን ውስጥ ይህን መግቢያ ለቀልድ ያልሞከረው ሰው ጥቂት ይመስለኛል። የሚረሳው ሁለተኛው ድምፃዊ ነው። ሙሴ ዮሺዛኪ በጎርናና ድምፁ ገብቶ የትውልድ ቀዬውን ትቶ የሚንከራተተውን ሰው ታሪክ ሲጀምር አድማጩ መሬት ይረግጣል። ታናካ ተመልሶ ሲወጣ ምን ያህል እንደወጣ የሚታወቀው በዮሺዛኪ ነው። ታናካ በኋላ ዘመን ቤዝቦል ሲጫወት ኳስ ጉሮሮውን መትቶት ያንን ድምፁን አጥቷል፤ ያ ከፍታ ምን ያህል በቀጭን ክር ላይ የተንጠለጠለ እንደነበረ ያኔ ታየ።

ልክ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ኪንግ ኑ የተባለው ባንድ «ሃኩጂትሱ»ን አወጣ። መግቢያው ላይ ሳቶሩ ኢጉቺ ብቻውን በሚባል ሁኔታ በፎልሴቶ፣ ማለትም ከመደበኛው ድምፅ በላይ በሚወጣው ቀላልና ቀጭን ድምፅ፣ ይዘፍናል። ኢጉቺ በቶኪዮ የኪነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ የድምፅ ሙዚቃ የተማረ ሰው ነው። ዘፈኑን የጻፈው ግን ዳይኪ ትሱኔታ ነው፤ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቼሎ ጀምሮ ያቋረጠ፣ ሻካራና ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው። መሐል ላይ እሱ ራሱ ይገባና ጓደኛው ያነጻውን አየር ያደፈርሰዋል። ትሱኔታ «ዳይቶካይ»ን አስቦ ይሁን አይሁን ግድ አይሰጠኝም። ሁለት ጉሮሮዎች እርስ በርስ የሚለኩበት ብልሃት ግን ያው ነው።

ኤክስ ጃፓን ላይ ስንደርስ ነገሩ ጭካኔም አለበት። የባንዱ ዋና ዜማ ደራሲ ዮሺኪ ከበሮና ፒያኖ ተጫዋች ነው፤ የጻፈውን የሚዘፍነው የልጅነት ጓደኛው ቶሺ ነው። በ1989 በነጠላ ዜማነት የወጣው «ኩሬናይ» በዝግታ ይጀምርና ከበሮው እሳት ሲጭር ቶሺ ከዚያ ፍጥነትና ጩኸት በላይ ሆኖ ለመሰማት ወደ ላይ ከመውጣት ሌላ መንገድ የለውም። ፎልሴቶ አይጠቀምም፤ ያለውን ሙሉ ድምፅ ነው የሚወረውረው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በፎልሴቶ የድምፅ አውታሮቹ ጠርዝ ብቻ ስለሚርገበገብ ጉሮሮ ይቀለዋል፤ በሙሉ ድምፅ አውታሮቹ ተወጥረውም በውፍረታቸው ይጋጫሉ። የቴነር (የቀጭን ድምፅ ወንድ ዘፋኝ) ከፍተኛ «ዶ» በሴኮንድ ከ520 በላይ ግጭት ማለት ነው። ይህን የጻፈለት የገዛ ጓደኛው ስለሆነ፣ እኔ ዘፈኑን በሰማሁ ቁጥር በአድናቆቴ ውስጥ ትንሽ ቅያሜ አለ።

ከሮክ መድረክ ርቆ ከፍታው ከነጭራሹ ትርኢት የማይሆንበት ቦታም አለ። በኪዩሹና በኦኪናዋ መካከል ያለችው አማሚ ኦሺማ «ሺማ ኡታ» የሚባል የደሴት ዘፈን አላት። በተቀረው የጃፓን ባህላዊ ዘፈን ፎልሴቶ ብርቅ ነው፤ በአማሚ ግን የዕለት እንጀራ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ በብዛት የሚሰጠው መልስ ልቤን ይነካዋል። በደሴቲቱ የዘፈን ምሽቶች ወንድና ሴት ፊት ለፊት ተቀምጠው ስንኝ ይቀባበላሉ፤ ቅኝቱ የሚቃኘው ለሁለቱም አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ወንዱ ወደ ሴቷ ከፍታ መውጣት አለበት፤ ሴቷም ከምቾቷ በላይ ትሄዳለች፤ ሁለቱም ከደረት ድምፅ ወደ ፎልሴቶና ወደ ኋላ በአንድ ትንፋሽ ይሻገራሉ። ሳንሺን የሚባለው ባለ ሦስት አውታር መሣሪያቸውም ከኦኪናዋው ይልቅ ቀጭን አውታር አለው፤ በቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ይመታል። እዚያ ቀጭን ድምፅ የሚወጣው አጠገብ ለተቀመጠ ሰው መልስ ለመስጠት ነው።

ከዚያች ደሴት የመጣችው ሃጂሜ ቺቶሴ በ2002 «ዋዳትሱሚ ኖ ኪ»ን ስትዘፍን ከሥሯ የነበረው የሬጌ ምት ነው። ድምፁ የሚሰበርበትን ቦታ ስቱዲዮ ውስጥ አልሸፈኑትም፤ ዘፈኑ የቆመው በዚያ ስብራት ላይ ነው። ለእኛ ጆሮ የጃፓን ሙዚቃ ቶሎ የሚገባበት ሌላም በር እንዳለ እግረ መንገዴን ልጥቀስ፤ ኤንካ የሚባለው የጃፓን የናፍቆት ዘፈን የሚዘወትረው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከእኛ ትዝታ ማይነር ጋር አንድ ዓይነት ነው። የኤንካ ዘፋኝ ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ ማስተርጎም የማያስፈልገን ለዚህ ነው።

የቁጥር ፍቅር ምን ያህል እንደሚያሳስት ዘፋኟ ሚሲያ ታስረዳለች። በ1998 ስትጀምር የፉጨት ያህል የቀጠነ ድምፅዋ ተሰማ፤ «አምስት ኦክታቭ» (ኦክታቭ ከአንድ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ያለው ርቀት ነው) የሚለው ማስታወቂያም እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ ብሔራዊ መዝሙሩን እንድትዘምር የተመረጠችው እሷ ነበረች። የጃፓን መዝሙር ደግሞ ከታችኛው ኖታው እስከ ላይኛው ከአንድ ኦክታቭ የሚያልፈው በአንድ ደረጃ ብቻ ነው። ቀሪዎቹ አራት ኦክታቮች ያን ቀን ሥራ አልነበራቸውም፤ እሷም አላጎደለችም።

የዛሬው ችግር የመጣው ጉሮሮ ከሌለው ዘፋኝ ነው። በ2007 በሳፖሮ የሚገኘው ክሪፕቶን ፊውቸር ሚዲያ ሃትሱኔ ሚኩን ለገበያ አቀረበ፤ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈለትን ሁሉ የሚዘፍን፣ ከሳኪ ፉጂታ ድምፅ የተሠራ ሶፍትዌር። ሚኩ አትተነፍስም፤ አይደክማትም። መኝታ ቤታቸው ተቀምጠው ለእሷ መጻፍ የለመዱ ወጣቶች አሁን የጃፓንን ፖፕ ይመራሉ፤ ትንፋሽ መውሰጃ የማይተው ፍጥነትንና በድንገት የሚወነጨፍ ዜማን ይዘው መጡ። ከእነሱ ዓለም የወጣችው አዶ በ2020 «ኡሴዋ»ን ስታወጣ ገና 17 ዓመቷ ነበር። አዶን የማደንቃት ወደ ላይ ስለምትደርስ ብቻ አይደለም፤ እዚያው ዘፈን ውስጥ ታጉረመርማለች፣ ትንቃለች፣ ታሾፋለች። የእሷን ኖታ እንጂ ማጉረምረሟን ያልወረሱት ተከታዮቿ ያሰለቹኛል። ከመጀመሪያው አዝማች እስከ መጨረሻው ጣሪያ ላይ የሚኖር ዘፈን ከፍታ የለውም፤ ከምን ከፍ ይበል?

ዘፋኙ ካዙማሳ ኦዳ ለክርክሬ የማይመች ሰው መሆኑን አልደብቅም። ሁለተኛ ድምፃዊ አያስፈልገውም፤ ከሚሊዮኖች ጆሮ የደረሰው የ1991 ዘፈኑ ላይ ብቻውን ነው፤ ድምፁ ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው፤ ማንቀጥቀጥም ጩኸትም የለበትም። ግን ዜማውን የሚጽፈውም የሚዘፍነውም እሱ ራሱ ነው፤ የገዛ ጉሮሮው የት እንደሚያመው ያውቃል። በ1947 የተወለደው ይህ ሰው ሰባዎቹን አጋምሶም በትልልቅ አዳራሾች ይዘፍን ነበር። ለሚኩ መጻፍ ለለመዱት አቀናባሪዎች የምመኘውም ይህንኑ ነው፤ ወይ የጻፉትን አዝማች ቆመው ሦስት ጊዜ ራሳቸው ይዝፈኑት፣ ወይም የሚዘፍነውን ሰው ጎናቸው አስቀምጠው ይጻፉ።